መካሪ በዝቶብናል፣ መርማሪ ስጡን

እስቲ ልጠይቃችሁ። አንድ የአማርኛ የሬዲዮ ድራማ እየሰማችሁ፣ ሁለተኛው ክፍል ካለቀ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ግን ደግ ነው ክፉ?» ብላችሁ የተጨነቃችሁበት ቀን ትዝ ይላችኋል? እኔ ትዝ አይለኝም። ገና በሩን ሲያንኳኳ እናውቀዋለን። ጎርነን ባለ ድምፅ ከሳቀ ሚስቱን ይደበድባል። ረጋ ብላ፣ ቃል እየለቀመች የምታወራዋ የጤና ባለሙያ ናት። ከጓደኞቹ ጋር ግሮሰሪ የገባውን ወጣት ደግሞ ጥቂት ክፍሎች ቆይተን ምርመራ ክፍል እናገኘዋለን። የደም ምርመራ ነው እንግዲህ! በእኛ ድራማ ምርመራ የሚባለው ከጣት ጫፍ የሚወሰደው ነው። «ማን ገደለው?» ብሎ የሚነሳ ምርመራ የለንም።

ይሄ በዘፈቀደ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዘዴ አለው። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ሜክሲኳዊ የቴሌቪዥን ሰው የቀመረው ዘዴ ነው፤ አንድ መልካም ገጸ ባሕርይ፣ አንድ መጥፎ፣ አንድ ደግሞ መሃል ላይ የሚዋልል፤ የሚዋልለው መጨረሻ ላይ ወደ መልካሙ ሲጠጋ አድማጩም አብሮ ይጠጋል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ይህንኑ ዘዴ ወደ አገራችን አምጥቶ «የቀን ቅኝት»ን ሠራበት። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍል ተላለፈ። 257! የእናቶቻችን ትውልድ ፍቅርተን እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የሚያስታውሳት፤ ደብዳቤው በሺህ ይቆጠር ነበር። ኤች አይ ቪ ቤት እየዘጋ በነበረበት ዘመን ያ ድራማ ሠራ የተባለውን ሥራ ሠርቷል፣ እኔ ልክደው አልችልም፣ ልክደውም አልፈልግም።

ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ዘዴ ለአንድ በሽታ ሠራ ተብሎ የሙያው ሁሉ ሕግ ሆነ። ዛሬ ስለ ቤተሰብ ምጣኔም፣ ስለ ሕገ ወጥ ስደትም፣ ስለ ኩላሊትም የሚሠራ ድራማ ያው ነው፤ መልካሙ ይመክራል፣ መጥፎው ይወድቃል፣ መሃለኛው አልቅሶ ይመለሳል። በጀት የሚሰጠው ድርጅት ይለወጣል እንጂ ድራማው አይለወጥም። ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው ተውኔት ጸሐፊ መሆኑ ቀርቶ መመሪያ አስፈጻሚ ሆኗል።

የወንጀል ምርመራ ድራማ ደግሞ በተፈጥሮው ከዚህ ጋር ይጣላል። እዚያ አድማጩ ማን የትኛው ወገን እንደሆነ ካወቀ ጨዋታው አለቀ። መልካሙም፣ መጥፎውም፣ የሚዋልለውም በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። አድማጩ ተመካሪ አይሆንም፣ ከመርማሪው ጋር እየተሽቀዳደመ ያስባል። ለዚህ ነው ወደ ሥራው የገባነው፤ ለዚህም ነው በሩ የተዘጋብን።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ እዚህ ደብረ ማርቆስ ባለ ስድስት ክፍል የምርመራ ድራማ እየሠራን ነው። የአንድ ዕድር ጸሐፊ ሞቶ ተገኝቷል፣ የዕድሩ መዝገብ የለም፣ መርማሪዋ ምክትል ሳጅን ናት። ጽሑፉን ይዘን ወደ አንድ ጣቢያ ሄድን፤ የቱ እንደሆነ ልተወው። የተቀበሉን ሰው ጨዋ ነበሩ፣ ሻይም ጋብዘውናል። ከዚያ ጠየቁን።

«መልእክቱ ምንድን ነው?»

«ሰው ሞቷል፣ ማን እንደገደለው ይፈለጋል።»

«እሱማ ገባኝ ልጄ። ለኅብረተሰቡ ምን ያስተምራል ነው የምልሽ።»

ቀጥለው መርማሪዋ የተሳሳተ ሰው የምታስርበት ክፍል ቢቀር አሉ፣ የፖሊስን ገጽታ ያበላሻል። ገዳዩ ደግሞ መጀመሪያውኑ በጠባዩ መጥፎ ሆኖ ቢታይ፣ «አድማጭ እንዳይደናገር»። መጨረሻ ላይ ስፖንሰር አላችሁ ወይ መጣ። ስፖንሰሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ከኤፍኤም አዲስ 97.1 ዘመን ጀምሮ ተባባሪ አዘጋጅ ማለት የአየር ሰዓት ገዝቶ ማስታወቂያ የሚያባርር ሰው መሆኑን ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ትምህርት ክፍል ውስጥ ባይነግሩንም። የሚያናድደኝ «አድማጭ እንዳይደናገር» የሚለው ነው። አድማጭ መደናገር ይፈልጋል እኮ! ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት ሽፋናቸው እስኪገነጠል እየተዋዋሰ ያነበበው ማን ነው? ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ልብ ወለድ የጻፉት ለማን ነው? እሸቴ አሰፋ በሸገር መቆያ የሰላይና የሴራ ታሪክ ሲተርክ ታክሲ ውስጥ ወሬ የሚያቆመው ሰው ከየት የመጣ ነው? አድማጩ ከተዘጋጀ ቆይቷል፤ ያልተዘጋጀው ቢሮው ነው።

ሌላ ደግሞ አለ፣ «ዲቴክቲቭ ባህላችን አይደለም» ባይ። ይሄን የሚለኝ ሰው ጎጃሜ ሲሆን የበለጠ ይገርመኛል። አውጫጭኝ ምንድን ነው ታዲያ? ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም ነበር። ፈረንጅ ተጠርጣሪዎቹን በረዶ የዘጋው ቤት ውስጥ ሰብስቦ የሚጽፈውን ታሪክ እኛ ዛፍ ሥር ስንሠራው ኖረናል። በሸዋ አፈርሳታ ይሉታል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በፈረንጆቹ 1969 በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሳትመውበታል፣ የአንድ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ ማን አቃጠለው ተብሎ መንደሩ ሲመላለስ። ሌባ ሻይም ነበረ፤ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ እየተንገዳገደ የሚገባበት ቤት የሌባው ቤት ነው ይባል ነበር። በዚያ ልጅ እግር ስንት ንጹሕ ሰው እንደተወነጀለ አስቡት። እሱ ብቻ አንድ ሙሉ ድራማ አይወጣውም?

ሙግቱንም እዩት። በላ ልበልሃ፣ ተጠየቅ እየተባለ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በቃል የሚፋለሙበት ችሎት፤ ጽሑፍ የለ፣ ምስል የለ፣ ድምፅና ብልኃት ብቻ። ከዚህ የበለጠ ለሬዲዮ የተፈጠረ ነገር ካለ አምጡልኝ። (ሰምና ወርቅን ሆን ብዬ አላነሳሁትም። ስለ ጎጃም የሚጽፍ ሁሉ ሰምና ወርቅ ካላለ የማይከፈለው ይመስላል።)

ደግሞስ የዚችው ከተማ አካባቢ ሰው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለስንቱ ኢትዮጵያዊ የደረሰው በወረቀት ነው? በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው እንጂ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም ታተመ፤ ማንበብ የማይችለው ግን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተረክ ነው በዛብህን ያለቀሰለት። ጎጃም በሬዲዮ የኖረ አገር ነው ማለት ነው። እግረ መንገዴን፣ በዛብህን መንገድ ላይ የደበደቡትን ሽፍቶች ማን መረመራቸው? ሁላችንም ለፍቅሩ አለቀስን፣ የወንጀሉን መዝገብ የከፈተ ግን የለም።

«ገንዘብስ?» ትሉኝ ይሆናል። በድምፅ ድራማ ገንዘብ የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። በፈረንጆቹ 1943 አሜሪካ ውስጥ ሉሲል ፍሌቸር የምትባል ጸሐፊ «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» የሚል የግማሽ ሰዓት የሬዲዮ ድራማ ጻፈች። አንዲት ታማሚ ሴት አልጋዋ ላይ ሆና ስልክ ስትደውል መስመር ይጠላለፍና ሁለት ሰዎች ስለ ግድያ ሲማከሩ ትሰማለች። በቃ። አንድ ሴት፣ አንድ ስልክ። ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ስሙ ይነሳል። የመስመር መጠላለፍ ደግሞ ለእኛ ብርቅ ነው እንዴ?

የእኛ ስቱዲዮ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቅለናል፣ የምንቀዳው በስልክ ነው፣ የምንቆርጠው በነፃ በሚገኘው ኦዳሲቲ። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለናል፣ የጎረቤት ፍሪጅ ዝም ይላል። በሐምሌ ግን ነገር ዓለሙ ይቆማል። የማርቆስን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከቆርቆሮ ሥር ሆናችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አትሰሙም። ከዚህ ራሱ አንድ ፍንጭ አወጣን። ምስክሩ «ሌሊት በዝናቡ መሃል አልጋዬ ላይ ሆኜ ኮቴ ሰማሁ» ይላል። አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ያደገ አድማጭ ያልፈዋል፤ የማርቆስ አድማጭ ግን «ውሸታም!» ብሎ ከመርማሪዋ ቀድሞ ይነሳል። (ይህ ፍንጭ በመጨረሻው ረቂቅ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ምንም አላበላሸሁባችሁም።) ከተማዋ በድምፅ የተሞላች ናት። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ባጃጆች፣ የማርቆስ ደወል፣ ንጋት ላይ የመናኸሪያው ረዳቶች፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ሞተር። ለእነዚህ ኪራይ አይከፈልም።

ሰዓቱም ከሕጉ ይገኛል። የሌላ አገር ጸሐፊ ታሪኩ እንዲፋጠን ቦምብ ያጠምዳል። እኛ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዜና ሰምታችሁ የጠገባችሁት የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ አለ። መርማሪዋ 48 ሰዓት አላት፣ ማስረጃዋ ግማሽ ነው፣ ዐቃቤ ሕጉ ስልክ አያነሳም። ከዚህ ወዲያ ምን ቦምብ ያስፈልጋል?

አነጋገራችንን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አዲስ አበባ በሚሠራ ድራማ ውስጥ ጎጃሜ ሲናገር አድማጭ እንዲስቅ ነው። ዘበኛ ነው፣ ወይም ከተማ የገባ ገጠሬ ነው። የእኛ ምክትል ሳጅን በእናቷ አነጋገር ነው ተጠርጣሪ የምትጠይቀው፣ ተጠርጣሪዎቹም አይስቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጋዜጠኝነት ስማር የመጀመሪያው ትምህርት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ነበር። ተመርቄ ስወጣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ከዜናው ጠፋ፤ «ማን» የሚለው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን በተቀሰቀሰው ጦርነት ስንት የሞት ዜና «ማንነታቸው ባልታወቁ ታጣቂዎች» ብሎ እንዳለቀ ቁጠሩት። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ነጥብ ይደረግበትና ወደ ስፖርት ይኬዳል። ሬሳው ስም አለው፣ ቀብሩ ቀን አለው፣ ገዳዩ «ያልታወቀ» ነው፤ ነገም ማንም አይጠይቅም። ዘጋቢውን አልወቅስም፣ ለምን እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። ሕዝብ ግን በዚህ ዓረፍተ ነገር ጆሮው ሲለምድ «ማን?» ማለት እንደ ነውር፣ ኋላም እንደ ወንጀል ይቆጠራል።

ድራማችን ስለ ጦርነቱ አይደለም። የዕድር ገንዘብ ነው፣ የሰፈር ቅናት ነው፣ አንድ ያረጀ መዝገብ ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ለስድስት ክፍል ያህል «ማን?» እያለች በር ታንኳኳለች፣ መልስ ሳታገኝም አትሄድም። የምንከራከርለት ይሄ ነው። «ምን ያስተምራል?» ብለው ለጠየቁን ሰው የዚያን ቀን ይህን አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ሻዩም የሚቀር ይመስለኛል።

ስለዚህ ጣቢያ አንጠብቅም። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ እዚህ ከተማ ዘፈንም ፊልምም ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ነበር የሚሻገረው፤ መንገዱን ከዚያ ተምረናል። ክፍል አንድ 22 ደቂቃ ነው። ሚሞሪ ለሚሞሉት ልጆች በነፃ እንሰጣለን፣ በነፃ እንዲሞሉ፤ ኔትወርክ ያለው በቴሌግራም ይወስዳል። ለጣቢያዎችም በሩ ክፍት ነው፣ አንድ ቃል ሳይቆርጡ ማስተላለፍ ለሚፈልጉ።

አንድ ሰው ብቻ ጎድሎናል። የዕድሩን ሊቀ መንበር የሚጫወት፣ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው እንፈልጋለን። ጎርነን ባለ ድምፅ የሚስቅ ቢሆን ይመረጣል። ደግ ይሁን ክፉ ግን እስከ ስድስተኛው ክፍል ቀረጻ ድረስ ለራሱም አንነግረውም።