እግራችንንም እዩልን

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያና በየወረዳው ላላችሁ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች



የምጽፍላችሁ ከመካነ ሰላም ነው። ስኳር ካለብኝ ዓመታት ሆኖኛል፤ ከስኳሩ ጋር ተላምደናል። ያልተላመድኩት ከእግሬ ጋር ነው። ቀን ቀን የኔ አይመስልም፤ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ቢገባ የማውቀው ማታ ሳወልቅ ነው። ሌሊት ደግሞ ያው ቀኑን ሙሉ ደንዝዞ የዋለው እግር ይነድዳል፤ ጋቢ እንኳ ሲነካው አይችልም። ውርጭ በሚጥልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ጎረቤቱ ሁሉ ሲደራርብ፣ እኔ እግሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ አድራለሁ። ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «ሪህ ነው» ብዬ አልፋለሁ። የደነዘዘ እግር እንዴት እንደሚያቃጥል ማስረዳት ያደክማል።

ሕመሙን ያመጣብኝ ስኳሩ ነው፤ በእናንተ አላሳብብም። አቤቱታዬ ስለ ጫማ ነው። በየቀጠሮው ጣቴ ይወጋል፣ ደም ግፊቴ ይለካል፣ መድኃኒቴ ይጻፋል። «እስቲ ጫማህን አውልቅ» ያለኝ ባለሙያ ግን የለም። የተቋም ስም አልጠራም፤ የአንድ ተቋም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ደጃፉ ሄጄ እነግራቸው ነበር። ከወግዲ፣ ከከለላና ከደብረ ሲና ከሚመጡ የስኳር ሕመምተኞች ጋር ስንጨዋወት ግን ወሬያችን አንድ ነው።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው። ሕመሙ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ስኳር ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት ውሎ አድሮ ይህ የነርቭ ጉዳት ይደርስባቸዋል። እንደኔ የሚያቃጥለው ቢያንስ ያማርራል። የሚያስፈራኝ ደንዝዞ ዝም ያለው ነው። ገበሬው «ብርድ መታኝ» ብሎ እግሩን ወደ ምድጃው ያስጠጋል፤ መቃጠሉን የሚነግረው ሽታው ነው። ባለቤቱ በጨው ውኃ ልታጥብለት ታሞቃለች፤ ውኃው ይፍላ ለብ ይበል እግሩ አይለይም። የፕላስቲክ ጫማው ተረከዙን ልጦት ቀናት ያልፋሉ። ከዚያ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከዚያ የደሴ መንገድ፣ ከዚያ መጋዝ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የደነዘዘ እግርን የመጠበቅ ዕውቀት ለዞናችን እንግዳ አለመሆኑ ነው። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል፤ ሥጋ ደዌ ደግሞ ነርቭን የሚያጠቃ በሽታ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ሕንድ አገር ቬሎር ላይ ሲሠራ ያስተዋለውም ይህንኑ ነው፦ ጣቶቹን በሽታው አይበላቸውም፤ ሕመም የማይሰማው ሰው ሳያውቅ ያቆስላቸዋል፣ ያቃጥላቸዋል፣ በቁስሉ ላይም ይራመድበታል። ስለዚህ ሕሙማኑ በየቀኑ እግራቸውን እንዲመለከቱ፣ እንዲያጥቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ የቆሰለውን እግር እንዲያሳርፉት ይማራሉ። ለስኳር ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ትምህርት ከዚህ ብዙም አይርቅም። እኛ ግን በሽታውን በመዝገብ ስንለየው ዕውቀቱንም አብረን ለየነው።

እግሩ የደነዘዘ ሰው ሥጋ ደዌ አለበት እንዳይባል መደበቁም አለ። ቢሆንስ? የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ አዲስ የነርቭ ጉዳት ስድስት ወር ሳይሞላው ከተደረሰበትም በፕሬድኒሶሎን ሊሻሻል ይችላል። ያስደበቅነው እኛው ነን።

የደነዘዘ እግርን ለመለየት ምርመራው የሚጠይቀው ጠቋሚ ጣት ብቻ ነው። ኢፕስዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተጀመረ ዘዴ አለ፦ ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ባለሙያው የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቀስ ብሎ ይነካል፤ «ስነካህ ንገረኝ» ይለዋል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ያልተሰማው ሰው እግሩ አደጋ ላይ ነው። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃፋችን ላይ ልታደርገው ትችላለች።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ሰጋጁ ውዱእ ሲያደርግ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ያጥባል፤ ቀዳሹም አስቀዳሹም ጫማውን አውልቆ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚገባው። የጎደለው «እግረ መንገድህን በጣቶችህ መካከል እይ፣ ደህና አድርገህም አድርቀው» የሚል ሰው ነው። ሼኹና ቄሱ ከእናንተ አንድ ቃል ቢያገኙ ከፖስተር ሁሉ ይልቅ ይሰማሉ። ይህን የሚለው አጥቶ፣ ከቅዳሴ ሲወጣ እሾህ ረግጦ ሳያውቀው ቤቱ የገባ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ስናማርር የሚሰጠን ዲክሎፌናክ ነው። ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይፈይድም፤ ስኳር ያደከመውን ኩላሊት ግን ይጎዳል። አሚትሪፕቲሊን የሚባል የቆየና ርካሽ መድኃኒት አለ። ከመኝታ በፊት በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ ለውጡን ለማየት ሳምንታት መታገሥ ይጠይቃል፤ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ለልብ ሕመምተኛና ለአረጋዊ ጥንቃቄ ይሻል። ለሁሉም አይሠራም። ለሠራለት ሰው ግን እንቅልፍ ማለት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያውቀዋል። እኛ ጋ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም፤ ሲገኝም ከመስኮቱ ወዲያ «የአእምሮ መድኃኒት ነው» ይባላል። ያን የሰማ ገበሬ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል፣ አይውጠውም። ለድብርት የተሠራ መድኃኒት የነርቭን ሕመምም እንደሚያስታግሥ መንገር ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ነገሩ የስኳር ሕመምተኛ ብቻም አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናይዚድ ቫይታሚን ቢ6 ስለሚያጎድል እግር ያቃጥላል፤ ቢ6 አብሮ ቢሰጥ ይከላከለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ስታቩዲን የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንዲቀር የመከረው በዚሁና በሌሎች ጉዳቶቹ ነው፤ በዚያ ዘመን ከወሰዱት አንዳንዶቹ የእግራቸውን ቃጠሎ ዛሬም ይዘውት ይኖራሉ። እኔ የምውጠው ሜትፎርሚንም ዓመታት ሲቆይ ቫይታሚን ቢ12 ይቀንሳል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ አጽዋማትን ሁሉ የሚጾም ሰው ይህን ማወቅ የለበትም ትላላችሁ?

ባለሙያ አነሰን፣ መንገድም ይዘጋል እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነት ነው። ሆኖም ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳርና የሚጥል በሽታን የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርዶ በነርሶች ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። ያም በክልላችን ነው። የጤና መድኅንም ለዞናችን እንግዳ አይደለም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሙከራ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የዞናችን ተሁለደሬ ነበር። የመድኅኑን መዋጮ በየዓመቱ የምንከፍለው መድኃኒቱን ከግል ፋርማሲ ልንገዛ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አዲስ ሕንፃ አይደለም። ለስኳር ሕመምተኛ በሚከፈተው የክትትል ካርድ ላይ «እግር ታይቷል» የሚል ቦታ ይኑር፤ ስትቆጣጠሩም መሞላቱን ጠይቁ። ጤና ጣቢያዎቻችን ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ በሚልኩት በቀጣዩ መጠየቂያ ላይ ደግሞ አሚትሪፕቲሊን ባለ 25 ሚሊግራም ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእናንተው ሕመምተኛ፣ መካነ ሰላም