ወደ ክራይሚያ በምን ይኬዳል?

ስለ ክራይሚያ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «የማን ናት?» በሚለው ላይ ይቆማል። በዓለም አቀፍ ሕግ በኩል መልሱ ብዙ አያከራክርም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2014 በ100 ድጋፍ፣ በ11 ተቃውሞና በ58 ድምፀ ተአቅቦ የዩክሬንን የግዛት አንድነት የሚያጸና ውሳኔ ማሳለፉ ይታወሳል። ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እኔ ግን ጦርነቱ የት እንደደረሰ ለመረዳት የመንገደኛ የሚመስለው ጥያቄ የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ። እዚያ በምን ይኬዳል? በመኪና፣ በመርከብ ወይስ በአውሮፕላን? ከ2014 ወዲህ መልሱ በየጥቂት ዓመቱ ተቀያይሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ መልክዓ ምድሩን እንመልከት። ክራይሚያ 27 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ በጥቁር ባሕርና በአዞቭ ባሕር የተከበበች ባሕረ ገብ መሬት ናት። ከየብስ ጋር የምትያያዘው በሰሜን ብቻ ሲሆን፣ እሱም ፔሬኮፕ በሚባል ከአሥር ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ቀጭን የመሬት አንገትና በአቅራቢያው ባሉ ድልድዮች ነው። ሰሜኑ ዩክሬን ነው። በምሥራቅ ከሩሲያ የሚለያት ደግሞ የከርች ሰርጥ ነው። ተፈጥሮ ለዩክሬን በሩን፣ ለሩሲያ ውሃውን ሰጥታለች ማለት ይቻላል። ፌብሩዋሪ 1954 ክራይሚያ ከሩሲያ ወደ ዩክሬን ሶቪየት ሪፐብሊክ ስትዛወር በአዋጁ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከልም የመሬት ቅርበትና የኢኮኖሚ ትስስር ይገኙበታል። በኋላም ውሃው በቦይ ከዲኒፐር ወንዝ፣ መብራቱና አብዛኛው እንግዳ ከሰሜን ይመጣ ነበር። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ወገኖቻችን እንደሚያስታውሱት ከሞስኮ ወደ ሲምፈሮፖል የሚሄደው ባቡር እንኳ በካርኪቭና በዛፖሪዥያ አልፎ ነበር የሚገባው።

እንግዲህ ሩሲያ በማርች 2014 ክራይሚያን ስትጠቀልል በእጇ የገባው በሩ በጎረቤት ግቢ የሚከፈት ቤት ነው። ኪየቭ የውሃውን ቦይ ዘጋች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባቡሩንና አውቶቡሱን አቆመች። ለሩሲያ ባለመኪኖች የቀረላቸው ከርች ላይ ፌሪ መሳፈር ነበር። መሻገሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በ2014 ጁላይና ኦገስት ለዕረፍት የወጡ ቤተሰቦች በሺዎች በሚቆጠሩ መኪኖች ሰልፍ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ፀሐይ ላይ ሲጠብቁ ታይተዋል። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ፌሪው ጭራሽ አይነሣም። ባንዲራ በአንድ ሌሊት ሊሰቀል ይችላል፤ ነፋስ ግን አዋጅ አይሰማም።

ገንዘቡ ያለው በአውሮፕላን ሄደ። በሲምፈሮፖል በ2018 አዲስ ተርሚናል ተመረቀ፤ በ2019 ከ5 ሚሊዮን በላይ መንገደኞች ተስተናገዱበት። ከሞስኮ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ ነው። ነገር ግን የሚያርፉበት የሩሲያ አውሮፕላኖች ነበሩ እንጂ፣ የምዕራቡ ማዕቀብና የዩክሬን የአየር ክልል ክልከላ ስለነበረ የሌሎቹ አገሮች ትልልቅ አየር መንገዶች ድርሽ አላሉም።

ዋናው መልስ ድልድዩ ሆነ። በሰርጡ ላይ የቀይ ጦር በ1944 የሠራውን የባቡር ድልድይ በ1945 ፌብሩዋሪ ተንሳፋፊ በረዶ ጠራርጎ ስለወሰደው፣ ቦታው ለግንባታ የማይመች መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በ2016 ሥራው ተጀመረ፤ የፑቲን የቅርብ ሰው የሆኑት የአርካዲ ሮተንበርግ ኩባንያ ኮንትራቱን ወሰደ። ሜይ 15 ቀን 2018 ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ካማዝ የጭነት መኪና እየነዱ አስመረቁት፤ በ2019 መጨረሻም የመንገደኞች ባቡር ተሻገረበት። 19 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ከ200 ቢሊዮን ሩብል በላይ ወጪ! እንደ ምሕንድስና ሥራ ሊደነቅ ይገባል። እንደ ፖለቲካ ሥራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለተጓዥ መንገድ ሲከፈት ለመርከብ መንገድ ጠቧል፤ ከድልድዩ ሥር ያለው ክፍት ከፍታ 35 ሜትር ስለሆነ ትልልቅ መርከቦች ወደ ዩክሬኗ ማሪዮፖል ወደብ መግባት ተሳናቸው። በኖቬምበር 2018 ሦስት የዩክሬን ባሕር ኃይል ጀልባዎች ከ24 መርከበኞች ጋር የተያዙት በዚሁ ሰርጥ መግቢያ ነበር።

ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ወዲህ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። የሲምፈሮፖል አየር ማረፊያ በዚያ ቀን ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ። በሁለት ሰዓት ተኩል ይደርስ የነበረው የሞስኮ ሰው ከአንድ ቀን በላይ በባቡር መጓዝ፣ ወይም እስከ ሶቺ በርሮ የቀረውን በምድር መጨረስ ግድ ሆነበት። ሁሉም ነገር በድልድዩ ላይ ወደቀ። ኦክቶበር 8 ቀን 2022፣ ፑቲን 70ኛ ዓመታቸውን ባከበሩ ማግስት፣ በጭነት መኪና ላይ የተጠመደ ፈንጂ የመንገዱን ክፍል ባሕር ውስጥ ጣለው፤ የነዳጅ ባቡርም ተቃጠለ። ጁላይ 17 ቀን 2023 ሰው አልባ የባሕር ጀልባዎች መቱት፤ ለዕረፍት ይጓዙ የነበሩ ባልና ሚስት ሞቱ፣ ልጃቸው ቆሰለች። ጁን 3 ቀን 2025 ደግሞ የዩክሬን የደኅንነት መሥሪያ ቤት በውሃ ውስጥ ምሰሶዎቹን በፈንጂ መምታቱን አስታወቀ፤ ትራፊኩ በሰዓታት ውስጥ ቀጠለ። ፌሪውም ቢሆን አልተማረም፤ በኦገስት 2024 ነዳጅ የጫነ ፌሪ በካቭካዝ ወደብ ተመትቶ ሰጥሟል።

«ሩሲያ የየብስ በር አግኝታለች እኮ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ከሮስቶቭ በማሪዮፖልና በሜሊቶፖል አድርጎ ክራይሚያ የሚገባው አውራ ጎዳና በ2022 በወረራ ተይዟል። እኔ እንደሚመስለኝ ከጦርነቱ ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ ይኸው በር ነበር። ግን መንገዱ ለግንባሩ የቀረበ ነው። ወደ ባሕረ ገቡ የሚያስገባው የቾንሃር ድልድይ በጁንና በኦገስት 2023 በሚሳይል ተመትቷል። ስለዚህ የክራይሚያ ተጓዥ ምርጫው የፍተሻ ሰልፍ ባለበት ድልድይና ሚሳይል በሚደርስበት ጎዳና መካከል ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተረሳው እዚያው የሚኖረው ሕዝብ ነው። እስከ 2022 ድረስ በቾንሃር በኩል ሻንጣውን እየጎተተ በሁለቱ ኬላዎች መካከል በእግሩ የሚሻገር ሰው ብዙ ነበር፤ ጡረታ ለመቀበል፣ ለዘመድ ለቅሶ፣ ለፓስፖርት። በስደት ወደ ዋናው ምድር የወጡ የክራይሚያ ታታሮችም ቤተሰባቸውን የሚያዩት በዚያ በር ነበር። ያ በር ተዘግቷል። ከሲምፈሮፖል እስከ ኬርሶን ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ዛሬ ግን አንዲት እናት ኬርሶን ያለ ልጇን ለማየት ሩሲያን አቋርጣ፣ በቤላሩስ ወይም በባልቲክ አገሮችና በፖላንድ ዞራ፣ ሺዎች ኪሎ ሜትር መጓዝ አለባት። የትኛውም የጦር ሜዳ ካርታ ይህን አያሳይም።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ላስታውስ። በኦገስት 2022 መጨረሻ «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ ለኢትዮጵያ የተመደበ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዛ ጅቡቲ ደርሳለች። ያን ጉዞ የፈቀደው የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ሲሆን፣ ሩሲያ ስምምነቱን የተወችው ጁላይ 17 ቀን 2023 ነው፤ ድልድዩ በተመታበት ዕለት። ክሬምሊን ሁለቱ አይያያዙም ብሏል። ይያያዙም አይያያዙም፣ የክራይሚያን ዳርቻ የያዘ የዩክሬንን የባሕር ንግድ ማስጨነቅ እንደሚችል ታይቷል። ዩክሬን በኋላ የራሷን የባሕር መሥመር ከፍታለች፤ የሩሲያን መርከቦችም ከሴቫስቶፖል ወደ ኖቮሮሲስክ እንዲሸሹ አስገድዳለች። ከዘጠና በመቶ በላይ ንግዷ በአንድ ጎረቤት ወደብ ለሚያልፍ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በ2025 በተሰሙት የሰላም ሐሳቦች ክራይሚያ በሩሲያ እጅ እንድትቀር የሚሉ ነጥቦች ነበሩ። ድርድሩ ወደ ፊርማ የሚሄድ ከሆነ እኔ አስቀድሜ የምፈልገው አንቀጽ ስለ ባንዲራው የሚለውን አይደለም። የቾንሃር ኬላ ይከፈታል ወይ? በማን ሰነድ? አውቶቡስስ ይኖረዋል?