እስከ መቼ እንግዳ ሆነን?

ጎንደር የገባን ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበር። አውቶቡሱ ከአዘዞ ሽቅብ ሲወጣ መስተዋቱ በትንፋሻችን ደፍኖ ስለ ነበር ከተማዪቱን ሳናያት ገባንባት። ከመናኸሪያ በባጃጅ ወደ ግቢ፣ ከግቢ በር ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት በር ወደ ፍራሽ፤ መንገዳችን ይኸው ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ብዙዎቻችን ከዚያ ፍራሽ እምብዛም ርቀን አልሄድንም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን የምንጽፈው ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭና ከደሴ ተመድበን የመጣን የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። የምንወቅሰውም በቅድሚያ ራሳችንን ነው። ሦስተኛ ዓመት ደርሰን ሳለ ወለቃ በየት በኩል ነው ተብለን ብንጠየቅ ግማሾቻችን ስልካችንን እናወጣለን። የቀሃን ወንዝ በጥምቀት ሰሞን ካልሆነ በቀር ዞር ብለን አናየውም። ታላላቆቻችን የፋሲልን አብያተ መንግሥት የሚጎበኙት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲገቡ ለፎቶግራፍ፣ አንድ ጊዜ ሲመረቁ ለፎቶግራፍ። እኛም የመጀመሪያውን ፈጽመን ሁለተኛውን እየጠበቅን ነን።

ለዚህ ምክንያት የለንም አንልም። ወላጆቻችን ሲሸኙን «ከግቢ እንዳትወጡ» ብለው አስምለውናል። ተኩስ በሚሰማበት ሰሞን ይህ ምክር ልክ ስለ ሆነ አንከራከርበትም። ዳሩ ግን አጥር ብቻውን ሰውን እንደማያድን አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ሁከት ተነሥቶ ተማሪዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ሌሎችም በሺህ እየተቆጠሩ ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሲሸሹ እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በቴሌቪዥን ያየነውን አልረሳነውም። ጉዳቱ የደረሰው በአጥር ውስጥ ነበር፤ ያውም በአንድ ወጥ ቤት ይበሉ በነበሩ ልጆች መካከል። ወሬ በተነዛ ሌሊት ከውጭ ሆኖ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው» የሚል ሰው የሌለው ተማሪ ምን ያህል ብቸኛ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታየ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ሕዝብ ጋር የያዘው «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የተባለው ሐሳብ የዚህ መልስ ነው። ከሌላ አገር የመጣው ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል፤ ቤተሰቡም እንደ ልጁ ሊያየው ቃል ይገባለታል። በእኛ አስተያየት በዚህ ዘመን ለተማሪ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ብልህ የሆነው ይህ ነው። ነገር ግን ቃል የገባው አንዱ ወገን ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እናቲቱ ቃል ገቡ፤ እኛስ ምን ገባን?

በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። ይህ ልጅ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ የቃል ኪዳን እናቱን ቤት አይረሳም፤ ዶሮውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ተመርቆ ይመለሳል። ዓምና ለፋሲካ ሲሄድ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው አገኛቸው። ወንድማቸው ሞተው አርባቸው ወጥቷል። ልጁ ደንግጦ «እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?» ቢላቸው፣ «እኔማ ልጄ የሚመጣው ለፋሲካ ነው ብዬ ጠበቅሁህ» አሉት። ወዲያው ሳህን አቀረቡለት፤ አልተቆጡም። እሱ ግን ያን ዕለት አንድ ጉርሻ እንኳ አልወረደለትም። ማታ መኝታ ቤት መጥቶ ሲነግረን ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም፤ ሁላችንም የየራሳችንን ቀን መቁጠሪያ እያሰብን ነበርና።

የአንድ አገር ሰው መሆን በድግስ አይለካም። ለድግስማ መንገደኛም ይጠራል። ለቅሶ ሲሆን ግን የሚመጣው የሰፈር ሰው ነው። የዕድሩን ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚውን የሚሸከመው፣ ንፍሮውን የሚያቀርበው እሱ ነው። ከእኛ መካከል በዚህ ከተማ አንድ አግዳሚ የተሸከመ ማን አለ?

አንዳንዱ ጎንደሬ በዘሩ ኩራት የሚኖር፣ መጤን የማያቀርብ ነው እያለ ያወራል። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከግቢ ወጥቶ የማያውቀው ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡን በታሪክ እንመርምረው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ይህችን ከተማ ሲቆረቁሩ በቦታው ትልቅ ከተማ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱን ተከትለው ወታደሩ፣ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ሸማኔውና ግንበኛው ከየአገሩ መጥተው ሰፈሩ። የዛሬው ጎንደሬ አያት ቅድመ አያት በአንድ ወቅት እንደ እኛ ጓዙን አዝሎ የገባ ነው። ዳሩ ግን ታሪኩን አሳምረን ብቻ እንዳንናገር፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1660 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ተወሰነ። እስላም ቤትና ፈላሻ ቤት የሚሉት የሰፈር ስሞች ያን ዘመን ያስታውሳሉ፤ የሙስሊሞቹም ሰፈር ኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። እንግዲህ ይህች ከተማ እንግዳን መቀበል እንደምታውቅ ሁሉ እንግዳን ለይቶ ማስቀመጥንም ታውቅበት ነበር። የእኛ ግቢ ዛሬ እንደዚያ ያለ ሌላ ሰፈር ሆኗል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እኛን የለየን አዋጅ የለም፤ ራሳችን ነን የተለየነው።

ደግሞስ ጎንደሬ አዲስ አገር መልመድ ምን እንደ ሆነ አያውቅም ያለው ማን ነው? ከወለቃና ከአካባቢው መንደሮች ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ በማያውቁት ቋንቋ ልጆቻቸውን አሳደጉ። እኛ አራት ዓመት ለምንቀመጥበት፣ ያውም በቋንቋችን ለምንግባባበት ከተማ ይህን ያህል መሰልቸታችን ያሳፍራል።

በዚህ ነገር የጤና ተማሪዎች ይበልጡናል። ትምህርት ቤታቸው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ለገጠሩ የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ለማሠልጠን የታሰበ ነበር። እስከ ዛሬም ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ከተሞች ይወርዳሉ፤ ከሰው ቤት ይገባሉ፤ የውኃውን ጉድጓድ ያያሉ፤ የሕፃናቱን ክትባት ይጠይቃሉ። እኛ ግን ቋንቋን፣ ታሪክንና የሰውን ልማድ እናጠናለን የምንለው ሰዎች ሰው ያለበት አንሄድም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪ የፋኩልቲ ልዩነት ሳያደርግ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር። ዛሬ የሚልከን የለም። ሳንላክ መሄድ ግን የሚከለክለን ማን ነው?

ባለፈው ጊዜ መንገዱ ጸጥ ባለበት ሳምንት ስድስት ሆነን ደባርቅ ሄድን። ዓላማችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሰሜንን ተራራ ማየትና ዝንጀሮ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ብርዱ አጥንት ገባ፤ በደሴና በአዲስ አበባ ብርድ የሚመካው ሁሉ ጋቢ ሲዋስ ታየ። ደባርቅ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ አጠገባችን ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋር ወግ ጀመርን፤ የግጭ ሰው ነበሩ።

ግጭን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3500 ሜትር ከፍ ብላ ገብስ በማረስና በግ በማርባት ትኖር የነበረች የሙስሊሞች መንደር ናት። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ዋልያው በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከ400 በላይ የሚሆኑት የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ አካባቢ ተዛውረው እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሣሩ አገገመ፤ ዋልያውና ጭላዳው ሜዳ አገኙ። ይህን ስናነብ እኛም ተደስተን ነበር።

አዛውንቱ ስለ ዋልያ ክፉ አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ ውኃ ነው። «እዚያ ምንጩ ከቤቴ በታች ነበር፤ እዚህ ውኃ በብር ነው። እንጨት በብር ነው። ዕንቁላል እንኳ በብር ሆነ፤ ዶሮዬ የምትለቅምበት ቦታ የለምና» አሉን። ቆይተውም «ልጆቹ ወደዱት፤ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ለእነሱ አገራቸው ይኸው ነው» ብለው ዝም አሉ። የሻያችንን ሒሳብ ልንከፍል ብንነሣ «እናንተ የአገሬ እንግዶች ናችሁ» ብለው ባለቤቲቱን በዓይን ከለከሏት። የአገሬ ማለታቸው ነው! እንጨትና ውኃ በሚገዙበት ከተማ፣ ምንጫቸውን ትተው በመጡበት ከተማ እሳቸው ባለ አገር ሆነው እኛን አስተናገዱን። እኛ በጎንደር ሦስት ዓመት ተቀምጠን ማንን አስተናግደን እናውቃለን?

ስንመለስ በሌሊቱ ብርድ አውቶቡሱ ውስጥ ዝም ብለን ነበር የመጣነው። አንዱ ጓደኛችን ብቻ፣ ያ የፋሲካው ልጅ፣ ዳባት ላይ ወርዶ አንድ ኩንታል ድንች ገዛ። «ለማን ነው?» ብንለው፣ «ለእማማ ሙት ዓመት ድግስ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ይውላል» አለን። ሙት ዓመቱ የሚውልበትን ቀን ጠይቆ ጽፎ ይዞታል።

ብዙ ተማሪ «እኛ የመጣነው ለመማር ነው፤ ለቅሶ ለመድረስ አይደለም» እንደሚለን እናውቃለን። ፈተናውም፣ የኪስ ገንዘብ ማነሡም እውነት ነው። እኛም በየሳምንቱ እንውጣ አላልንም። የቃል ኪዳን እናቶቻችን ስልክ ግን በእያንዳንዳችን ኪስ አለ፤ በዓል ባልሆነ በተራ ማክሰኞ «እንዴት ዋሉ?» ለማለት የሚፈጀው የአንድ ማኪያቶ ጊዜ ነው። ቤተሰብ ያልደረሰው ካለ ለተማሪዎች ኅብረት ቢያመለክት ስሙን ጽፈን እናቀርባለን፤ ይህን ለማድረግ አምስት ሆነን ተስማምተናል።

የድንቹን ነገር ለመጨረስ ያህል፣ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያን ልጅ ሳሙና በር አቅራቢያ አየነው። በሁለት እጁ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ውኃ ጠፍቶ ሰንብቶ ያን ዕለት በሰፈሩ መጥቶ ነበርና የእማማ ደጅ ወረፋ ነው። ልናግዘው ብንጠጋ፣ «ቆዩ፤ ሌላ ሁለት አለ፤ እሱን ያዙ» አለን።