ለባነሩ ነው ወይስ ለባንኩ?

ከቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ባንክ ስለምትሠሩ የምትቀየሙኝ አትጠፉም። ቢሆንም ልናገር።

አዲስ አበባ ውስጥ የፋይናንስ ኮንፈረንስና ስልጠና ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ፤ ቀጥሎ ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍት አዋጅ ጸደቀ፤ ጥር 2 ቀን 2017 የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ሥራ ጀመረ። ሦስቱም ትምህርት ይፈልጋሉ። ስልጠና ይቅር አላልኩም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን ምን ተምሮ ይወጣል ነው የምለው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሦስት ሰዓት የተባለው አራት ሰዓት ተኩል ይጀመራል። የክብር እንግዳው ከፍተው ወዲያው ይሄዳሉ። ፓናል፣ ሻይ፣ ሌላ ፓናል፣ ቡፌ። ከምሳ በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ስላይዱ እንግሊዝኛ፣ ንግግሩም እንግሊዝኛ፤ ሰው ሲሰለቸው ወደ አማርኛ ይመለሳል፣ ቁም ነገር የሚሰማውም ያኔ ነው። ከዚያ ሰርተፊኬት፣ ፎቶ፣ ሊንክድኢን። ፈተና የሚባል ነገር የለም። የአበል ፊርማው ግን ጥንቅቅ ያለ ነው!

የሚላኩትም እነዚያው ሰዎች ናቸው። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ መቼ ተልካ ታውቃለች? ደንበኛው እኮ የሚጠይቀው እሷን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ሊገዙ አስበው መጡና «ሲቸግረኝ ሄጄ አወጣዋለሁ አይደል?» አሉኝ። እንደ ቁጠባ ደብተር አድርገው ነው ያዩት። ትርፍ ድርሻ በየዓመቱ ዋስትና እንደሌለው፣ ለመውጣት ደግሞ ገዢ መገኘት እንዳለበት የነገራቸው የለም። አሁን የባንኮች አክሲዮን ራሱ ገበያው ላይ መመዝገብ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ወጋገን ነው። ነገ እኚሁ ሰውዬ ሰፈራቸው ያለው ቅርንጫፍ ገብተው ይጠይቃሉ። ልጅቷ ምን ትበላቸው?

ከዚህ የባሰው ደግሞ ከወጣቶች ኪስ የሚሰበስበው ነው። «በሁለት ቀን የካፒታል ገበያ ባለሙያ ይሁኑ» ዓይነት ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። ሥራ ያላገኘ አንድ ተማሪዬ ከእህቱ ተበድሮ ከፍሎ፣ ወረቀቱን ይዞ «አሁን አገናኝ ሆኜ መሥራት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። አትችልም! በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ያቺ ወረቀት ሁለት ቀን መቀመጥህን ብቻ ነው የምትመሰክረው። አሠልጣኞቹ ይሄን ያውቃሉ። ከመክፈላቸው በፊት ለምን አይነግሯቸውም?

ስፖንሰር ለሚሆኑት ባንኮችም አንድ ነገር አለኝ። ሎጎ ለማስለጠፍ የሚወጣው ገንዘብ የባለአክሲዮኑ ነው። የባንክ አክሲዮን ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ስትጠሩ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ ዘንድሮ ለስልጠናና ለኮንፈረንስ ስንት ወጣ? ከሠለጠኑት ውስጥ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ስንት ነው? ስንቱስ ተፈተነ? የሚሰጧችሁን መልስ እዚህ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።