የገደል ማሚቶና የልብ በር

በዚህ ሳምንት ስለ ልብ እንጨዋወታለን። ስለሚያፈቅረው ልብ አይደለም፤ እሱን ለባለቅኔዎች እንተውላቸው። የምናወራው በደረታችን ውስጥ ሌትና ቀን ሳያርፍ ደም ስለሚያሠራጨው ሥጋ ነው።

በመርካቶ የማይገኝ ዕቃ የለም ይባላል። በምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ ጎማም በረባሶ ሆኖ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ልብ ግን ከተበላሸ በኋላ የሚጠገንበት ተራ በመርካቶ የለም።

እርግጥ ነው፤ የአንዱን ሰው ልብ ለሌላው መትከል ከተቻለ ቆይቷል። ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕታውን ከተማ፣ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን አደረጉ። ሕመምተኛው የኖሩት 18 ቀን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ከ10 ዓመት በላይ የሚኖሩት ብዙዎች ናቸው። በዚህ ነገር ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ምሥጢር አለ። ልቡ ከለጋሹ ሲወጣ ነርቮቹ ስለሚቆረጡ፣ በአዲሱ ደረት ውስጥ ሲታመም እንደ ሌላው ልብ በውጋት አይጮኽም። ሰውነትም እንግዳውን ልብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሊዋጋው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ባለቤቱን እስኪያመው ድረስ አይጠብቁም፤ ከልቡ ሥጋ ቅንጣት ወስደው ይመረምራሉ፤ ደግሞም ልቡን በድምፅ ያዩታል።

በድምፅ ማየት እንዴት ያለ ነው ይሉ ይሆናል። ከገደል አፋፍ ቆመው ቢጣሩ ድምፅዎ ተመልሶ ይመጣል፤ ይኸንንም የገደል ማሚቶ እንለዋለን። መሣሪያውም እንዲሁ ነው። ጆሯችን የማይሰማውን እጅግ ቀጭን ድምፅ ወደ ደረት ይልካል፤ ድምፁ የልብን ግድግዳና በሮች መትቶ ሲመለስ ሥዕል ይሆናል። ቢላዋ የለበትም፤ ሕመምም የለበትም። ይኸን ሥራ በ1946 ዓ.ም. በስዊድን አገር፣ በሉንድ ከተማ፣ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትስ ጀመሩት። ከመርከብ መሥሪያ የብረት ስንጥቅ የሚፈለግበትን መሣሪያ ተውሰው እንደ ሞከሩም ይታወቃል። በእኛ አገር ምርመራውን ኤኮ ይሉታል።

ለእኛ ይኸ ምርመራ እጅግ የሚያስፈልገው ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። በጠባብ ቤት ብዙ ሆነው በሚያድሩበት ሠፈር የልጆች የጉሮሮ ሕመም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እናት «ቶንሲል ነው፤ ያልፋል» ትላለች፤ ወይም ልጁን ወደ እንጥል ቆራጭ ትወስደዋለች። ከዚያ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ትኩሳትም ይይዘዋል። ቁርጥማቱ ያልፍና የልቡ በር፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት፣ ተጎድቶ ይቀራል። አንዳንዱ በር ይጠባል፤ አንዳንዱም ያፈሳል። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢጀመርለት ይኸ ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸ ነው።

በሩ የተበላሸበትን ሕመምተኛ ለመርዳት ዶክተር በላይ አበጋዝ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989፣ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት አቋቋሙ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ይታከሙ ነበር፤ በ2009 ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀዶ ሕክምናው የነገሩ መጨረሻ አይደለም። የብረት በር የገባለት ሰው ደሙ በበሩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል፤ የደሙንም የመርጋት መጠን በየጊዜው ያስመረምራል። ኤኮ ደግሞ በሩ በደንብ መከፈትና መዘጋቱን፣ ደም ረግቶበት እንደ ሆነ፣ በዙሪያው ውሃ ቋጥሮ እንደ ሆነ ያሳያል። ጥፋቱ የሚመጣው ሕመምተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ከቀጠሮ ሲቀር ነው። ኪኒኑን በገዛ እጁ ያቋረጠ ሰው በአንድ ማለዳ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ ሊነሣ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ይሄዳልና። ለራስ ምታት ብሎ ከሱቅ አስፕሪን ገዝቶ የጨመረበትም ደሙ አልቆም ሊለው ይችላል። ትኩሳት ቢይዘው፣ ጥርስ ለማስነቀል ቢያስብ፣ ሴትም ብትሆን መውለድ ብትፈልግ፣ አስቀድሞ ለሐኪም መንገር ግዴታ ነው።

እርስዎም፣ ነጋዴው አንባቢ ሆይ፤ ከሱቅዎ ደጃፍ ሸክም የሚጠብቀው ወጣት ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚያለከልክ ከሆነ «ሰነፍ ነው» አይበሉት፤ ልቡ ይታይለት። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ሠራተኛ ቢኖርዎም የቀጠሮው ቀን ሲደርስ «ዛሬ ገበያ ነው፤ ነገ ትሄዳለህ» አይበሉት። ገበያ ነገም ይቆማል። ያ ወጣት ግን ያን ዕለት ከቀረ ለነገው ገበያ መድረሱን ማንም ሊያረጋግጥልዎ አይችልም።