ኪው ያለ ዩ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር የእንግሊዝኛ ፊደላትን እያገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበትን ስክራብል ስንጫወት ተራዋ ደርሶ ዝም አለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ፊቷ ከተደረደሩት ሰባት ጠጠሮች አንዱ ኪው ነበር፤ ዩ ግን በእጇም የለ፣ በሰሌዳውም ላይ የለ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ያለ ዩ አይሠራም» አለችና ስልኳን አነሳች። ያሉህን ፊደላት ስትጽፍለት የሚወጡትን ቃላት በሙሉ ዘርዝሮ የሚሰጥ ፕሮግራም አላት። ለአንድ አፍታ አስቀምጪው ብዬ ለመንኳት።

ኪው ሁልጊዜ ዩን ያስከትላል የሚለውን ደንብ እኔም በልጅነቴ ተምሬዋለሁ። ለአጻጻፍ የሚጠቅም ደንብ ነው። ዩን የማይፈልጉት ቃላት ግን አሉ፤ አብዛኞቹም እንግሊዝኛ ከሌላ ቋንቋ የወሰዳቸው ናቸው። ኪው አይ የሚባለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ከቻይና የመጣ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ የስክራብል መዝገብ የገባው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የቀሩት በብዛት ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው። ኪው፣ ኤ፣ ቲ ብለን ስንጽፍ ቃት ይሆናል፤ የእኛው ጫት ነው። ኪው፣ ኤ፣ ዲ፣ አይ ደግሞ ቃዲ ነው። ቃዲ ማን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ማስረዳት ያስፈልጋል?

ከሁሉም የምወደው ግን ኪው፣ ኦ፣ ፒ፣ ኤች ተብሎ የሚጻፈውን ነው። ቆፍ ይባላል፤ የዕብራይስጥ ፊደል ስም ነው፤ እስራኤል ያሉ የዘመዶቻችን ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው የሚቆጥሩት። እኛም ሆይ፣ ላዊ፣ ሐውት እያልን በግዕዙ ስም ስንቆጥር ቀን የምንጠራው ቃፍ ብለን ነው። የላቲኑ ኪውም የተወለደው ከዚያው ነው፤ ከፊንቄያውያን ወደ ግሪኮች፣ ከዚያ ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ። የእኛው ቀ ደግሞ በደቡብ ዐረቢያ ጽሕፈት በኩል መጣ። ሁለቱም የአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ፊደል ልጆች ናቸው። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ጠጠሩን አንስታ ደጋግማ አገላበጠችው። ባዕድ ነው ብላ የፈራችው ፊደል ዘመዷ ሆኖ ተገኘ።

ጨዋታውን የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ፈትቶ ሳለ ጋዜጣ እየዘረጋ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። የጠጠሮቹ ብዛትና ነጥብ የመጣው ከዚያ ቆጠራ ነው። ከ100ው ጠጠር 2ቱ ባዶ ናቸው፤ ኢ 12 ጊዜ አለ፤ ኪውና ዜድ አንድ አንድ ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ። ኤስን ግን በ4 ወሰነው፤ ለብዙ ቁጥር ከማንኛውም ስም ኋላ እየተቀጠለ ጨዋታውን እንዳያቀልለው ብሎ ነው። ስክራብል የሚለውን ስም ያገኘው ቆየት ብሎ፣ ጄምስ ብሩኖት በ1948 ለገበያ ሲያቀርበው ነው።

ቃል ፍለጋው ላይ ልጆቻችን የሚቸገሩበት አንድ ምክንያት ከአማርኛ የመጣ ይመስለኛል። እኛ ሰበረ፣ ስብራት፣ ሰባራ፣ መስበሪያ ስንል ሦስቱ ተነባቢዎች ባሉበት ቆመው ውስጣቸው ይለዋወጣል። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን በአብዛኛው ከዳርና ከዳር ነው የሚያበዛው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያልኳት፣ አይ፣ ኤን እና ጂ አብረው ካሉሽ ወደ ቀኝ ጫፍ ለይተሽ አስቀምጫቸው፤ ኢ እና አር ካሉሽ እንደዚያው፤ ዩ እና ኤን ካሉሽ ደግሞ ወደ ግራ፤ ከዚያ የተረፉትን አራት አምስት ፊደላት ብቻ ተመልከቺ ነው። ስልኩ የሚሠራው ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እሱ ሳይደክመው ሁሉንም ይሞክራል እንጂ።

ትርጉም ሳያውቁ ፊደል ብቻ ይዞ ማሸነፍ አይቻልም አልልም። የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር የቃላቱን መዝገብ በጥቂት ወራት ሸምድዶ በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል። በ2024 በስፓኒሽኛ ደገመው። እንዲህ ያለ አእምሮ ያስደንቀኛል፤ አከብረዋለሁም። የእኛ ልጅ ግን እንግሊዝኛን የምትፈልገው ፊዚክስና ታሪክ ለማንበብ ነው። ስልኩ የሰጣትን ቃል ትርጉሙን ሳታይ ሰሌዳው ላይ አስቀምጣ ካለፈች በማግስቱ ቃሉ አብሯት የለም። እዚሁ አህጉራችን ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂገሬ በዚያው በ2015 በእንግሊዝኛው ውድድር የመጀመሪያው አፍሪካዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ልጆቻችን አይችሉም የሚለኝ ካለ እሱን እጠራበታለሁ።

የትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስክራብል ወይም ሌላ የቃላት ጨዋታ ስታቀርቡ ጠረጴዛው ላይ ትርጉም ያለው መዝገበ ቃላት አብሮ ይቀመጥ፤ ቃል የጣለ ልጅም ነጥቡ ከመመዝገቡ በፊት ትርጉሙን ጮክ ብሎ ያንብብ። ስልክ መጠቀም ካስፈለገም ከዚያ በኋላ ይሁን። የእህቴ ልጅ ያን ቀን ቆፍን ሰሌዳው ላይ ደረደረች፤ 18 ነጥብ አገኘችበት።