የባትሪ ማቋረጫ የት ይደረግ?

የሙያ ዓምድ

አንድ የክፍላችን አባት እንዲህ ብለው ጠየቁ። «ያረጀች ቮልስ አለችኝ። ሳምንት ከቆመች ባትሪው ይሞታል። ባትሪውን የሚያቋርጥ ማጥፊያ ላስገባ ነው። የት ላድርገው?» ጥያቄው ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም በዚህ ዓምድ እንመልሳለን።

አባቴ፣ መጀመሪያ ባትሪው የት እንዳለ እንይ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። የቤንዚኑ ታንክ ከፊት ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ሰው ከባትሪው በላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በመቀመጫው ውስጥ የብረት ሞላ አለ። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወደ ታች ይወርዳል። ባትሪው ክዳን ከሌለው ሞላው ጫፎቹን ይነካል። ወዲያው ይግላል። መቀመጫው ይቃጠላል።

በገበያ ላይ በባትሪው ጫፍ ላይ የሚታሰር ማቋረጫ አለ። ለቮልስ ጥሩ አይደለም። ከፍታ ይጨምርና ወደ ሞላው ይቀርባል። ደግሞም ለማጥፋት መቀመጫውን ማንሳት ግድ ነው። እሳት ተነስቶ መቀመጫ የሚያነሳ ማን ነው?

እንግዲያስ የት ይሁን? ቦታው ሦስት ነገር ያሟላ።

1. ለባትሪው ይቅረብ። ሽቦው ሲያጥር ኃይል አይባክንም።
2. መቀመጫ ሳይነሳ እጅ ይድረስበት።
3. እግር፣ ዕቃና ውሃ አይንካው።

ለቮልስ የሚሻለው ከኋላ መቀመጫው ፊት፣ በቀኝ በኩል ዝቅ ያለው ቦታ ነው። በሩን ከፍተው እጅዎን ቢሰዱ ያገኙታል። በጠንካራ ብረት ላይ በብሎን ይታሰር። ከፊት፣ ከታንኩ አጠገብ ግን አይሁን። ማቋረጫ ሲዞር ብልጭ ሊል ይችላል። ቤንዚንና ብልጭታ አይስማሙም።

የትኛው ሽቦ ይቋረጥ? ባትሪ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ የመደመር (+)፣ ሌላው የመቀነስ (−) ምልክት አለበት። በቮልስ የመቀነሱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። የሚቋረጠው እሱ ነው። እሱ ሲፈታ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ ምንም አይሆንም። በመደመሩ በኩል ግን መፍቻው ብረት ሲነካ እሳት ይረጫል። ከድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ ተቃራኒ ናቸው። በእነሱ ከብረቱ ጋር የሚታሰረው መደመሩ ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደው ሽቦ ይቋረጥ።

የቤት መብራት ማጥፊያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሞተሪኖ ሞተር ሲያስነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ትንሽ ማጥፊያ ይቀልጣል። ባለ 6 ቮልት ቮልስ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ለመኪና ባትሪ የተሠራ ወፍራም ማቋረጫ ይግዙ። አዲሱ ሽቦም ከድሮው አይቅጠን።

«ፊውዝ አለኝኮ» ይሉ ይሆናል። ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ግን ፊውዝ የለውም። የዚህ ዓይነት ቮልስ ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አብቅቷል። ትንሿ እንኳን ከ20 ዓመት በላይ ናት። የሽቦው ልባስ በዕድሜ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ማታ ማታ ባትሪውን ማቋረጥ የሚጠቅመው ለዚህ ጭምር ነው።

ሁለት ነገር አይርሱ። አንደኛ፣ ሞተር እየሠራ ማቋረጫውን አይዝጉ። ሞተሩ በዲናሞው ኃይል መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። የዲናሞው መቆጣጠሪያም ሊበላሽ ይችላል። በቁልፉ ሞተሩን ያጥፉ፤ ከዚያ ያቋርጡ። ሁለተኛ፣ ማቋረጫ ክዳንን አይተካም። ሞላው ሁለቱንም ጫፎች አንድ ላይ ከነካ ማቋረጫው ቢዘጋም ባትሪው ይግላል። ከማቋረጫው በፊት ክዳኑን ይግዙ። ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት አይሁን።

ጥያቄዎች። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. የቮልስ ባትሪ የት ይገኛል?
2. የሚቋረጠው የትኛው ሽቦ ነው? ለምን?
3. ባትሪው ክዳን ከሌለው ምን ይደርሳል?